መኪናችሁን ሙሉ ቀለም ከማስቀባታችሁ በፊት፦ ከግቢ እስከ ፎርኖ

አዲስ ቀለም ጉድ አይሸፍንም። እንዲያውም ያወጣል። ደብዛዛ ቀለም ስር ተደብቆ የኖረ ስርጉድ፣ አንጸባራቂ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚደረበው ቀለም አልባ ሽፋን) ሲረጭበት ከሩቅ ይታያል። ዝገት ላይ የተረጨ ቀለም ደግሞ ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ስለዚህ «ሙሉ ቀለም» ብላችሁ ጋራዥ ስትገቡ ገንዘባችሁ በዋናነት የሚሄደው ለቀለሙ ሳይሆን ከቀለሙ በፊት ላለው ሥራ መሆን አለበት። ከዚህ ሥራ ከፊሉን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። የቀረውን ደግሞ ምን ማየት እንዳለባችሁ ካወቃችሁ መቆጣጠር አያቅታችሁም።

ለምሳሌ እንዲሆነን አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የምናያትን ቪትዝ እንውሰድ። ለኮሮላም ለዲዛየርም ለሚኒባስም አካሄዱ ያው ነው።

በእርግጥ ሙሉ ቀለም ያስፈልጋታል?

መኪናዋን አጥባችሁ ጥላ ስር አቁሟትና ዙሯት። ከዱባይ በኩል የመጡ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ጣሪያውና ኮፈኑ በፀሐይ ይጎዳል። የደበዘዘው ቦታ ላይ ውኃ አፍስሱበት። ውኃው ላይ እያለ ቀለሙ ደምቆ ከታየ፣ ጥሩ ፖሊሽ ሊመልሰው ይችላል። ነጭ ቅርፊት የመሰለ ነገር ካለና በጥፍር ሲነካ የሚነሳ ከሆነ ግን ክሊሩ ሞቷል። እሱን ፖሊሽ አያድነውም።

ቀጥሎ ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹን፣ ፓራፋንጎዎቹንና የኋላውን ጎን ዳብሱ። ማግኔቱ በደንብ የሚይዝበት ቦታ ብረቱ ቅርብ ነው። የሚንሸራተትበት ወይም የሚወድቅበት ቦታ ደግሞ ከስር ወፍራም ስቱኮ (ስርጉድ የሚሞላበት ልጥፍ) አለ ማለት ነው። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ እሱን ተዉት። አንዳንድ መኪና ላይ ኮፈኑ አሉሚኒየም ስለሚሆን ማግኔት ጭራሽ አይዝም፤ ይህን ስቱኮ ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

ሦስተኛው ሙከራ የቲነር ነው። ነጭ ጨርቅ ቲነር ነክራችሁ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የበሩ ታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ያዙት። ጨርቁ ቀለም ይዞ ከተነሳ መኪናዋ ከዚህ በፊት በማጠንከሪያ ያልተሠራ ርካሽ ቀለም ተቀብታለች። በዚያ ላይ አዲስ ቀለም ቢረጭ ከስር ያለው ይለሰልስና የላይኛው ይሸበሸባል። ይህን ለቀለም ቀቢው አስቀድማችሁ ንገሩት። አሮጌው መነሳት ካለበት ዋጋውም ጊዜውም ይለወጣል፣ መሀል ላይ ከመጨቃጨቅ ከመጀመሪያው ማወቁ ይሻላል።

ያንኑ ቀለም ወይስ ሌላ?

እኔን ብትጠይቁኝ ያንኑ። ቀለም መቀየር ማለት የበሮቹ ውስጥ፣ የኮፈኑ ስር፣ የሞተር ክፍሉና የኋላው ክዳን ዙሪያ ሁሉ አብሮ ይቀባ ማለት ነው። ይህ ካልተደረገ በር በተከፈተ ቁጥር የድሮው ቀለም ብቅ ይላል፤ መኪናዋን ስትሸጡም ገዥው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። በዚያ ላይ የመኪናው ቀለም ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ለመቀየር የምትፈልጉ ከሆነ ፋይላችሁ ያለበት የተሽከርካሪ ፈቃድ ቢሮ ሄዳችሁ የሚጠየቀውን አሟሉ። ይህ የሚደረገው ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው። አለበለዚያ ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ መኪናዋና ወረቀቷ አይመሳሰሉም።

ያንኑ ቀለም ከሆነ ኮዱን ፈልጉ። ቶዮታ ላይ ኮዱ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም ኮፈኑ ሲከፈት ከሞተሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ትንሽ ሳህን ላይ ይገኛል። «ሲ/ቲአር» (C/TR) ከሚለው ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር የቀለሙ ነው። 040 የተለመደው ነጭ ነው። 202 ጥቁር ነው። 1ኤፍ7 (1F7) ብርማ ሜታሊክ ነው። 070 ከሆነ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ እሱ ዕንቁማ ነጭ ነው። በሦስት ደረጃ ይረጫል፦ መሠረቱ ነጭ፣ ከዚያ ዕንቁው፣ ከዚያ ክሊር። በተራ ነጭ ዋጋ የተስማማ ሰው ተራ ነጭ ይቀባላችኋል።

ኮዱ ቢኖርም ቀለሙ ከመረጨቱ በፊት ትንሽ ብረት ወይም ካርድ ላይ ተረጭቶ፣ ክሊሩ ተደርቦበትና ደርቆ፣ ደጅ በፀሐይ ብርሃን ከመኪናው ጋር ይመሳከር። ጋራዥ ውስጥ በአምፖል ስር የተመሳሰለ ቀለም ደጅ ሲወጣ ሊለይ ይችላል። ከኮፈኑ ወይም ከጣሪያው ጋር አታመሳክሩት፣ ፀሐይ በልቶታል። የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጠኛ ክፍል የፋብሪካውን ቀለም ጠብቆ ይቆያል።

ቀለም የመጨረሻው ሥራ ይሁን

ሞተር የሚወርድ ከሆነ አሁን ይውረድ። የፊት መስታወት የሚቀየር፣ የበር መቆለፊያ የሚሠራ፣ ኤሌትሪክ የሚዘረጋ፣ ውኃ የሚያስገባ ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ያለ እንደሆነ ሁሉም ከቀለም በፊት ይለቅ። አዲስ በተቀባ ፓራፋንጎ ላይ ተደግፎ የሚሠራ መካኒክ ቢጠነቀቅም ጭረት መተዉ አይቀርም። ብየዳ ካለ ባትሪው መነቀሉን በዓይናችሁ እዩ። ብየዳው አጠገብ የኮምፒውተር ሳጥን ካለም ይውጣ።

ወቅቱንም አስቡበት። ፎርኖ (ቀለም በሙቀት የሚደርቅበት ዝግ ክፍል) በሌለው ጋራዥ ክረምት ላይ መቀባት አልመክርም። እርጥበቱ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ውኃ ሆኖ ይጠራቀምና ከቀለሙ ጋር ይረጫል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፣ ግን ሌሊቱ ስለሚበርድ ሥራው ረፋድ ላይ ይጀመር። ፎርኖ ያለው ቦታ ከሆነ ወቅቱ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ሲሊኮን፦ ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁት

ቀለም ቀቢዎችን የሚያበሳጭ አንድ ነገር አለ። የተፋቀው፣ የተጠረገው፣ የተዘጋጀው ብረት ላይ ቀለሙ ሲረጭ አንዳንድ ነጥብ ላይ አልይዝ ብሎ ይሸሻል። የምስር ፍሬ የሚያክሉ ክብ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን የሚመጣው ከባለቤቱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፦ ዳሽቦርድ ከሚያብረቀርቀው ስፕሬይ፣ ጎማ ከሚያጠቁረው ቅባት፣ መንገድ ዳር ከሚሸጠው ፈሳሽ ፖሊሽ።

ስለዚህ ጋራዥ ለመግባት ወር ሲቀራችሁ እነዚህን ሁሉ አቁሙ። የምታሳጥቡበት ቦታም «ጎማውን አታጥቁሩት፣ ፖሊሽ አታድርጉ» በሏቸው።

የመግቢያው ዋዜማ ላይ ደግሞ መኪናዋን እንዲህ እጠቧት። መጀመሪያ ከፓራፋንጎ ስር፣ ጎማው የሚዞርበት ቤት ውስጥ ያለውን ጭቃ በግፊት ውኃ አውጡ። ብርጭቆ ወረቀት ሲመታ ከዚያ የሚረግፍ አቧራ በኋላ ቀለሙ ላይ ነው የሚያርፈው። ጎኗ ላይ የተለጠፈ ሬንጅ ካለ ላምባ በነካ ጨርቅ አንሱት። ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከጣሪያው ጀምራችሁ ወደታች እጠቡ። ይህ ሳሙና ለዘወትር እጥበት አይመከርም፣ ሰሙን ስለሚያነሳ። አሁን የምንፈልገው ግን ይህንኑ ነው። በሮቹን ከፍታችሁ ጠርዞቹን፣ የማጠፊያዎቹን ዙሪያና የኮፈኑን ስር አትርሱ። የበር ማጠፊያ ላይ ያለ ግሪስ በአየር ግፊት ተነስቶ ብዙ ሥራ ያበላሻል።

በሮቹን ከታች በኩል እዩዋቸው። ውኃ የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በጭቃ ከተደፈኑ በቀጭን እንጨት ክፈቷቸው። በር ከውስጥ የሚዝገው ብዙውን ጊዜ በነዚህ ምክንያት ነው።

መፍታት

ርካሹ አሠራር ሁሉንም ነገር በፕላስተር ሸፍኖ መርጨት ነው። የሚላጠውም ከዚያ ነው። ቀለም ከጎሚኒ ጠርዝ፣ ከእጀታ ዙሪያ፣ ከመብራት ዳር ይጀምርና ይነሳል፤ ምክንያቱም እዚያ ጥግ ብርጭቆ ወረቀቱ አልደረሰም። ስለዚህ መብራቶች፣ ፍሬቻዎች፣ ስፖኪዮዎች፣ የበር እጀታዎች፣ ፓራውልቶች፣ ዓርማዎች፣ የጎን ፕላስቲኮች፣ ፖርቶመጋላ (ጣሪያ ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) ካለ እሱም፣ ታርጋውም ይፈቱ። የፊት መስታወቱ ጎሚኒ ያረጀ ከሆነና ዙሪያው ዝገት የሚታይ ከሆነ መስታወቱም ይውጣ። ጣሪያው ጠርዝ ላይ የተጀመረ ዝገት መስታወት ሳይወጣ አይጸዳም።

ጊዜው ካላችሁ ቀላል ቀላሉን ቤት ውስጥ ፍቱ። አንድ ካቻቢቴና ፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይበቃል። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ሲፈታም አንሱ። የእያንዳንዱን ክፍል ብሎን በየራሱ ፌስታል አድርጋችሁ «የቀኝ የፊት መብራት» እያላችሁ ጻፉበት። የፕላስቲክ ክሊፖች መሰበራቸው አይቀርም። አስቀድማችሁ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ብቅ ብላችሁ አንድ እፍኝ ግዙ። ካልገዛችሁ ፓራውልቱ ሲመለስ በሁለት ብሎን ብቻ ተይዞ በየኮረኮንቹ ይንቋቋል።

ዓርማውን በካቻቢቴ አትፈንቅሉት። ፀሐይ ላይ አሙቁትና ከስሩ ጠንካራ ክር ወይም የዓሣ ማጥመጃ ሲባጎ እያስገባችሁ እንደ መጋዝ ሳቡት። የቀረውን ሙጫ በጣት እያሻሻችሁ አንከባሉት።

የተፈታውን ዕቃ ጋራዥ አትተዉት። መብራትና ስፖኪዮ ዋጋቸውን ታውቃላችሁ። ቤታችሁ ውሰዱት፣ መገጣጠም ሲጀመር ታመጡታላችሁ። ስኮርታ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ ሬዲዮውንና ሊብሬውንም እንዲሁ። ፓራውልቱና እጀታው የሚቀቡ ስለሆኑ እዚያው ይቆያሉ፣ ግን ይመዝገቡ።

ስታስረክቡ አንድ ወረቀት ላይ የኪሎሜትር ንባቡን፣ የነዳጁን መጠን፣ የጎማዎቹንና የባትሪውን ዓይነት፣ የተሰነጠቀ መስታወት ካለ እሱን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ይህን ስትጠይቁ የሚቀየም ባለ ጋራዥ ካጋጠማችሁ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።

ውሉ ላይ ምን ይግባ?

«ሙሉ ቀለም በዚህን ያህል» የሚል የቃል ስምምነት ሙሉ አይደለም። የበሮቹ ውስጥ ይቀባል ወይ? ቀለሙንና ክሊሩን የሚገዛው ማነው፣ የየትኛው ፋብሪካ? ክሊሩ ማጠንከሪያ አለው ወይ? ስንት ዙር ይረጫል? ፎርኖ ይገባል ወይ? በስንት ቀን ያልቃል? ከተላጠ ወይም ካበጠ ማን ያስተካክላል፣ እስከ መቼ?

ክፍያውን በደረጃ ከፋፍሉት። መነሻ፣ ከዚያ ላሜራና ስቱኮ አልቆ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚረጨው መነሻ ቀለም) ሲረጭ፣ የቀረው ስትረከቡ። የመሀለኛው ክፍያ ትልቁ ጥቅም ፕራይመሩ ላይ መኪናዋን እንድታዩ በር መክፈቱ ነው።

ዝገትና ስቱኮ

ከአውሮፓ የመጡ ያገለገሉ መኪኖች በክረምት መንገዳቸው ላይ የሚበተነው ጨው ከስር ይበላቸዋል። በር ስር፣ ደረጃው ላይና የኋላ ጎማ ዙሪያ ቀለሙ አብጦ ካያችሁ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን በሉት። ከገባ ብረቱ አልቋል። መፍትሔው ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ነው። ቀዳዳ ላይ የተለጠፈ ስቱኮ ከኋላው እርጥበት ይጠጣና ከነቀለሙ ይወድቃል። ላይ ላዩን ብቻ የዛገ ከሆነ የሚያብረቀርቅ ብረት እስኪታይ ይፋቅና በዚያው ቀን አንቲሩጅን (ዝገት መከላከያ ቀለም) ወይም ኢፖክሲ ፕራይመር ይቀባ። የተፋቀ ብረት ራቁቱን አያድር። አዳር የነካው እርጥበት ጠዋት ቡናማ ሽፋን ሆኖ ይጠብቃችኋል።

የገባ ቦታ መጀመሪያ በመዶሻና በመሳቢያ ይውጣ። ስቱኮ ለቀረችው ትንሽ ልዩነት ነው፣ ከጥቂት ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም። ስቱኮው ሲለወስ ቆማችሁ እዩ። ማጠንከሪያው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። በደንብ የተለወሰ ስቱኮ ወጥ መልክ አለው። ቀይ ጅራት ጅራት የሚታይበት ከሆነ አልተዋሐደም፣ ማጠንከሪያው የበዛበት ቦታ ቀይነቱ በኋላ በቀለሙ ላይ አልፎ ይታያል፣ ያነሰበት ደግሞ አይደርቅም። እና ስቱኮ በውኃ አይፋቅ። እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፤ የጠጣው ውኃ ፎርኖ ውስጥ ሲሞቅ ቀለሙን ገፍቶ ያሳብጠዋል። በደረቁ ይፋቅ፣ ሠራተኛው ጭምብል ያድርግ።

ብርጭቆ ወረቀት

ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። ስቱኮ በ80 ቅርጹን ይይዛል፣ ከዚያ በ120፣ በ180፣ በ240 ይለሰልሳል። ፕራይመሩ ከተረጨ በኋላ ለአንድ ወጥ ቀለም ከ400 እስከ 500፣ ለሜታሊክ ከ600 እስከ 800 ይወርድበታል። ከ80 በቀጥታ ወደ 400 የዘለለ ሰው ጭረቱን አልፈታውም። አሁን ባይታይም፣ ከሳምንታት በኋላ ቀለሙ ጠልቆ ሲደርቅ መስመሩ ይወጣል።

አሮጌው ቀለምና ብረቱ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መዳፋችሁን በቀስታ አሳልፉ። ቀጭን ጨርቅ መሀል ቢኖር የበለጠ ይሰማችኋል። ደረጃ ከተሰማችሁ መፋቁ ይቀራል። ሌላው ዘዴ ፕራይመሩ ላይ ጥቁር ቀለም እንደ ጭጋግ ስስ አድርጎ ረጭቶ በቀጥ ያለ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ወረቀት መፋቅ ነው። ጥቁሩ የቀረበት ጎድጓዳ ነው፣ ቶሎ ብረት የታየበት ጉብታ ነው። በጣት ብቻ የተፋቀ በር ሞገድ ይሠራል፣ እንጨቱን ጠይቁ።

ፓራውልቱ ላይ የፕላስቲክ ፕራይመር መረጨቱን ለይታችሁ ጠይቁ። ያለ እሱ የተቀባ ፓራውልት መጀመሪያ በነካው ድንጋይ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

ከመረጨቱ በፊት ያለው ሰዓት

ወለሉ በውኃ ይርጠብ፣ አቧራ እንዳይነሳ። መኪናዋ በአየር ከየስንጥቁ ትነፋ። ከዚያ በቅባት ማስለቀቂያ ፈሳሽ በሁለት ንጹሕ ጨርቅ ትጠረግ፦ አንዱ ያርሳል፣ ሌላው ፈሳሹ ሳይደርቅ ይጠርጋል። በአንድ ጨርቅ የተሠራ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዞር ነው። በቤንዚን መጥረግ ይብቃ፣ ቤንዚን ራሱ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ከተጠረገ በኋላ በባዶ እጅ የሚነካ አይኑር፣ እናንተንም ጨምሮ።

ለመሸፈኛ ጋዜጣ አልወድም። ቲነር ያሳልፋል፣ ቀለሙም ሊለቅ ይችላል። ወፍራም የመሸፈኛ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ይሻላል። ጎማዎቹም ይሸፈኑ። የኮምፕሬሰሩ ታንክ ውኃ መፍሰሱን በዚያው ጠዋት ጠይቁ። የታችኛው ቧንቧ ሲከፈት የሚወጣውን ብታዩ ለምን እንዳልኩ ይገባችኋል።

ፎርኖ የምትገባ ከሆነ

ፎርኖ ውስጥ ብረቱ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል፣ ግማሽ ሰዓት ያህልም ይቆያል። ስለዚህ ላይተር፣ ሽቶና ማንኛውም ስፕሬይ፣ እሳት ማጥፊያ፣ ፓወር ባንክ ይውጣ። ታንኩ ሙሉ አይሁን።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ከዚህ በላይ ጥንቃቄ አለባችሁ። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እነዚህ መኪኖች በዝተዋል፤ ጋራዡ ግን በአሮጌው ልማድ ሊያስተናግዳችሁ ይችላል። ትልቁ ባትሪ ሙቀት አይወድም። ፋብሪካው በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የሙቀትና የጊዜ ገደብ አስቀምጦ ከሆነ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ለፎርኖው ኃላፊ አሳዩት። ሃይብሪድ ላይም እንደዚያው። ፓራውልትና በር ተፈትተው ለብቻቸው ፎርኖ የሚገቡ ከሆነ ጭንቀቱ ይቀንሳል።

ስትረከቡ

ቀን፣ ደጅ፣ ታጥባ ደርቃ። በምሽት አትረከቡ። ከጎን ዝቅ ብላችሁ የመብራት ምሰሶ ወይም የሕንፃ ጠርዝ በሩ ላይ ሲንጸባረቅ እዩ። መስመሩ ከተጣመመ ስቱኮው ሞገድ አለው። የበሮቹን ክፍተት፣ የሁሉንም መብራት ሥራ፣ የመስታወት መርጫውን ቀዳዳ አለመደፈኑን ፈትሹ። ሳምንት ያህል አታሳጥቧት፣ ሰምና ፖሊሽ ደግሞ ለወር ይቆይ። የወፍ ኩስ ካረፈባት በዚያው ቀን በብዙ ውኃ አንሱት፣ ያልጠነከረ ክሊርን ይበላል።

የተረፈውን ቀለም ጠይቃችሁ ውሰዱ። በትንሽ ብርጭቆ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑትና ኮዱን፣ የቀለሙን ፋብሪካና ቀኑን ጻፉበት። ማጠንከሪያ የተቀላቀለበት ከሆነ ጠርሙስ ውስጥ ይደርቃል፣ ስለዚህ ሳይቀላቀል በፊት የተቀነሰ ይሁን።